ጣሪያው በሚከፈት መኪና ላይ የሚንኳኳ መስታወት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጣሪያ ከፍቶ የመንዳት ደስታ ሌላ ነው። ያንን ደስታ ቶሎ የሚያጠፋው ደግሞ ከጆሮ ሥር የማይጠፋ የመስታወት ኳኳታ ነው። ኮረኮንች ላይ ስትገቡ ይጀምራል፤ ለስላሳ አስፋልት ላይ ይተዋችኋል፤ ረሳሁት ስትሉ ይመለሳል። ሰዎች ስለዚህ ድምፅ ደጋግመው የሚጠይቁኝን እዚህ ሰብስቤ መልሻለሁ። አብዛኛው በገዛ እጃችሁ የሚሠራ ነው። አንድ ነገር ግን ከወዲሁ ያዙልኝ። ጥፋቱ የመስታወቱ የሆነበት ጊዜ በጣም ጥቂት ነው። የሚላላው መስታወቱን የያዘው ነገር ነው። ሥራችን ሁሉ ያንን የላላ ነገር ማግኘት ነው።

ባለ ሙሉ ጣሪያ መኪናዬ እንዲህ ብሎ አያውቅም። ይሄኛው ለምን ይንኳኳል?

ባለ ሙሉ ጣሪያ መኪና ላይ አብዛኛውን ጊዜ በሩ ከላይ ፍሬም አለው። መስታወቱ በፍሬሙ ውስጥ ይወጣል፣ ይወርዳል። ከፊትም፣ ከኋላም፣ ከላይም የሚይዘው አለ። ኮንቨርቲብል፣ ማለትም ጣሪያው የሚከፈት መኪና ላይ፣ ያ ፍሬም የለም። መስታወቱ የተያዘው ከታች፣ በሩ ሆድ ውስጥ ብቻ ነው። እስቲ አንድ ማስመሪያ ጠረጴዛ ጠርዝ ላይ በአንድ እጅ ተጫኑና በአየር ላይ የቀረውን ጫፍ በጣት ምቱት። ይርገበገባል። ወደ ውጭ የወጣው በረዘመ ቁጥር የባሰ ይርገበገባል። መስታወታችሁም እንደዚያው ነው።

ሁለተኛው ምክንያት የመኪናው አካል ነው። ጣሪያ ዝናብ መከለያ ብቻ አይደለም፤ የመኪናውን አካል አንድ ላይ አስሮ ይይዛል። እሱ ሲነሳ አምራቾች ወለሉንና ከበሩ ሥር ያለውን ብረት ያጠነክራሉ። ያም ሆኖ ኮንቨርቲብል መኪና ጉድጓድ ሲመታ ከሌላው ይልቅ ይጠማዘዛል። የበሩ ቀዳዳ በጥቂቱም ቢሆን ቅርፁን ይቀይራል። ያንን መጀመሪያ የሚያወራው ደግሞ መስታወቱ ነው።

በነገራችን ላይ፣ ጣሪያቸው የማይከፈት ሆኖ በራቸው ፍሬም የሌለው መኪኖች አሉ። እዚህ የተጻፈው አብዛኛው ለእነሱም ይሆናል።

ድምፁ በርግጥ ከመስታወቱ መሆኑን በምን አውቃለሁ?

ይህን ጥያቄ ሳትመልሱ አንዲት ብሎን እንኳ እንዳትነኩ። ለምን እንደምል ልንገራችሁ። አንድ ጊዜ የራሴን መኪና መስታወት ሁለት ቅዳሜ ሙሉ ሳስተካክል ቆየሁ። ድምፁ ግን ንቅንቅ አላለም። በመጨረሻ እጄን በሩ ሆድ ውስጥ እስከ ታች አስገብቼ ስዳብስ፣ አንዲት ብሎን ከስር ወድቃ አገኘሁ። ጭንቅላቷ ከብረቱ ጋር ሲፋተግ ኖሮ ነጭ ሆኖ ያበራል። ከዚህ በፊት በሩን የፈታ ሰው ጥሏት ይሆናል። እሷን ሳወጣ ሁሉም ጸጥ አለ።

ስለዚህ እንዲህ አድርጉ። የሚያንኳኳላችሁን አንድ መንገድ ምረጡ። ፍጥነታችሁ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ይሁን፤ በሰዓት ከ20 እስከ 30 ኪሎ ሜትር ይበቃል። ሌላ ሰው ይንዳላችሁ፣ እናንተ ጎን ተቀመጡ። መስታወቱን መጀመሪያ ሙሉ በሙሉ ዘግታችሁ፣ ቀጥሎ ሁለት ጣት ያህል ዝቅ አድርጋችሁ፣ ከዚያ ግማሽ፣ በመጨረሻ ጨርሳችሁ አውርዳችሁ በዚያው መንገድ ተመላለሱ። ድምፁ በሚሰማበት ቦታ ሁሉ መዳፋችሁን መስታወቱ ላይ አሳርፉ። ሳትገፉ፣ በቀስታ። ድምፁ ወዲያው ከታፈነ መስታወቱ ነው። መዳፋችሁ ምንም ካልለወጠ፣ ምንጩ ሌላ ቦታ ነው።

ያ ሌላ ቦታ ምን ሊሆን ይችላል? የበሩ ቁልፍ፣ በሩ ውስጥ ያሉት ቀጫጭን የመክፈቻ ዘንጎች፣ የላላ ድምፅ ማጉያ፣ ጣሪያውን ከፊት መስታወቱ አናት ጋር የሚያያይዘው መቆለፊያ። ማንም ያልታሰረበት የደህንነት ቀበቶ ብረቱ ከጎን ፕላስቲክ ጋር ሲማታ የሚያወጣውም ድምፅ የመስታወት ድምፅ ይመስላል። እነዚህን አንድ በአንድ በእጅ ይዛችሁ ወይም በጨርቅ ጠቅልላችሁ ፈትኑ።

ግማሽ ሲወርድ ብቻ ነው የሚንኳኳው። ችግር ነው?

በመጠኑ ከሆነ አይደለም። ተዘግቶ ሲያልቅ መስታወቱ የጣሪያውን ላስቲክ ይደገፋል። ጨርሶ ሲወርድ ደግሞ ታችኛው ማቆሚያ ላይ ያርፋል። መሃል ላይ ግን የሚንሸራተትበት ሐዲድና በሩ አፍ ላይ ያሉት ላስቲኮች ብቻ ናቸው የያዙት። አዲስ ኮንቨርቲብል እንኳ በዚህ ቦታ ትንሽ ይንቀጠቀጣል።

መኪናው ቆሞ የመስታወቱን አናት በሁለት ጣት ይዛችሁ ወደ ውስጥና ወደ ውጭ ገፋ ገፋ አድርጉት። ትንሽ መለጠጥ ያለበት እንቅስቃሴ ከተሰማችሁ ደህና ነው። ባዶ ሆኖ ሄዶ “ቋ” ብሎ የሚቆም ከሆነ የተበላ ነገር አለ ማለት ነው። የግራውንና የቀኙን በር አወዳድሩ። ከሁሉ የሚሻለው መለኪያ የራሳችሁ መኪና ሌላኛው በር ነው።

ጨርሶ ወርዶ በሩ ውስጥ ከገባ በኋላም ያንኳኳል።

የታችኛው ማቆሚያ ላስቲክ ወድቋል፣ ወይም ተሰባብሯል። አንዳንዴም መስታወቱ ከሚያወጣውና ከሚያወርደው ማንሻ ጋር የሚያያዝበት ብሎን ላልቷል። ሁለቱም በሩ ሳይፈታ አይታዩም።

ሳልፈታ ልሞክረው የምችለው ነገር አለ?

አለ። እኔ ሁልጊዜ የምጀምረው ከጽዳት ነው።

መስታወቱን አውርዱና በሩ አፍ ላይ ያሉትን ሁለት ረጃጅም ላስቲኮች ተመልከቱ። አንዱ ከውጭ፣ አንዱ ከውስጥ ነው። ብዙ ጊዜ መስታወቱን የሚነካው ጎናቸው ጥቅጥቅ ያለ አጭር ጸጉር አለው። አቧራ እዚያ ጸጉር ውስጥ ይጠራቀምና እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይሆናል። መስታወታችሁ ላይ ከላይ ወደ ታች የወረዱ ቀጫጭን ጭረቶች ካያችሁ ምክንያቱ ይኸው ነው። ጸጉሩ ተበልቶ ካለቀ ደግሞ መስታወቱ ጠንካራ ላስቲክ ወይም ብረት ይነካል፤ ያኔ ይንኳኳል።

ለስላሳ ብሩሽ፣ ጨርቅና ለብ ያለ ውኃ በትንሽ ሳሙና ያዙ። ላስቲኩን ከጫፍ እስከ ጫፍ ጥረጉ። የጣሪያውን ላስቲኮች አትርሱ፤ በተለይ ከፊት መስታወቱ ምሰሶ ጋር የሚገናኘውን ጥግ። ጨርቁ ጥቁር ቆሻሻ ማውጣት እስኪያቆም ቀጥሉ። ሲደርቅ ሲሊኮን ስፕሬይ ጨርቅ ላይ ነፍታችሁ ላስቲኩን ቀቡት። በቀጥታ አትንፉ፤ መስታወቱን ያደበዝዛል።

የደረቀ ላስቲክ ይጠነክራል። የጠነከረ ላስቲክ መስታወቱን በማቀፍ ፈንታ ይመታዋል። ብርድ ሲሆን ድምፁ የሚብሰውም ለዚህ ነው። በዚህ ሥራ ብቻ ኳኳታው የጠፋላቸው ብዙ ናቸው። ባይጠፋላችሁም ልፋታችሁ ከንቱ አይደለም፤ ላስቲኩ ዕድሜ ይጨምራል።

ሲሊኮን የለኝም። የሞተር ዘይት ወይም ዝገት መፍቻ ስፕሬይ ብጠቀምስ?

አይሆንም። የበርና የጣሪያ ላስቲኮች አብዛኞቹ የሚሠሩት ኢፒዲኤም ከሚባል ላስቲክ ነው። ፀሐይንና ውኃን በደንብ ይችላል፤ የነዳጅ ዘር የሆነ ዘይት ግን ያሳብጠዋል፣ ያላሽቀዋል። ለአንድ ሳምንት ጸጥ ይልላችሁና ከዚያ የባሰ ይመጣል። የላስቲክ ነገር ለሲሊኮን፣ ብረት ከብረት ጋር የሚፋተግበት ደግሞ ለነጭ ሊቲየም ግሪስ ነው።

የበሩን የውስጥ ሽፋን ራሴ መፍታት እችላለሁ?

ከቸኮላችሁ አይሆንም። ጊዜ ከሰጣችሁት ግን ይቻላል። አንዳንድ ኮንቨርቲብሎች የጎን ኤርባግ በሩ ውስጥ አላቸው። አንዳንዶቹ ደግሞ የግጭት መለያ ሴንሰር በሩ ውስጥ ተቀምጧል። ስለዚህ የመኪናችሁን መመሪያ ሳታዩ አትጀምሩ። ኤርባግ እዚያ ካለና ልምዱ ከሌላችሁ ለባለሙያ ተዉት። ከሌለም ቢሆን የባትሪውን ነጌቲቭ ንቀሉ። መስታወቱን ግን አስቀድማችሁ የምትፈልጉት ከፍታ ላይ አድርሱት፤ ከዚያ በኋላ አይንቀሳቀስም።

የሽፋኑ ብሎኖች ይደበቃሉ። አንዱ የበሩ እጀታ ሥር፣ አንዱ ትንሽ የፕላስቲክ ክዳን ኋላ ይሆናል። ብሎኖቹ ሳያልቁ ሽፋኑን ከጎተታችሁ ይሰበራል። ዙሪያውን የያዙትን ፕላስቲክ መቆንጠጫዎች ለማላቀቅ የፕላስቲክ መፈልቀቂያ ተጠቀሙ፤ ካቻቢቴ ቀለም ይልጣል። ጥቂት መቆንጠጫ መሰበሩ አይቀርም። ቀድማችሁ መጠባበቂያ ግዙ፤ የተሰበረ መቆንጠጫ ይዞ የተመለሰ ሽፋን ራሱ አዲስ ኳኳታ ይሆናል።

ሽፋኑ ሲነሳ ከኋላው የተለጠፈ ፕላስቲክ ታያላችሁ። ብዙ ሰው ቀዶ ይጥለዋል። አደራ፣ አትጣሉት። በመስታወቱ በኩል በሩ ውስጥ የገባው ውኃ ወደ መቀመጫችሁ እንዳይመጣ የሚከለክለው እሱ ነው። በአየር ግፊት የሚሠራ የግጭት ሴንሰር ባለበት በር ላይ ደግሞ የሴንሰሩ ሥራም በእሱ መታሸግ ላይ የተመሠረተ ነው። ሙጫውን በቀስታ እያላቀቃችሁ ከፊሉን ብቻ ግለጡት፤ ስትጨርሱ በደንብ መልሳችሁ ለጥፉት።

በሩ ተከፈተ። ምን ልፈልግ?

የስልክ መብራት ያዙና መጀመሪያ ታች እዩ። የወደቀ ብሎን፣ ሮንዴላ፣ የፕላስቲክ ስባሪ። ስባሪ ካገኛችሁ አትጣሉት፤ ከየት እንደተሰበረ ይነግራችኋል። የበሩ ታችኛ ጠርዝ ላይ ያሉት የውኃ መውጫ ቀዳዳዎችም ክፍት መሆናቸውን አረጋግጡ።

ቀጥሎ መስታወቱ የሚንሸራተትባቸውን ሐዲዶች ተከተሉ። በሐዲዱ ውስጥ የሚሄዱ ትንንሽ የፕላስቲክ መንሸራተቻዎች ወይም ጎማዎች አሉ። ዋናው ጥፋተኛ ብዙ ጊዜ እነዚህ ናቸው። ፕላስቲክ ከዓመታት በኋላ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፣ በአንድ ጎኑ ይበላል። ጥፍር የምታህል ቁራጭ ብትጎድል መስታወቱ አናት ላይ ያለው እንቅስቃሴ ትልቅ ይሆናል፤ የማስመሪያውን ነገር አስታውሱ። ዋጋቸው ትንሽ ነው፤ ከተበሉ የሁለቱንም በር በአንዴ ቀይሩ።

አንዳንድ በሮች ላይ ከላይኛው ጠርዝ አጠገብ መስታወቱን ከውስጥ የሚደግፉ ትንንሽ ትራሶች አሉ። ፊታቸው ለስላሳ ነው። ያ ለስላሳ ነገር ካለቀ መስታወቱ ከጠንካራ ፕላስቲክ ጋር ይማታል። ብዙዎቹ ወደ ውስጥና ወደ ውጭ ማስጠጊያ አላቸው።

በመጨረሻ ብሎኖቹን ሁሉ ሞክሩ። መስታወቱን ከማንሻው ጋር የሚያያይዙት፣ ሐዲዱን ከበሩ ጋር የሚይዙት፣ የመስታወቱን ሞተር የሚይዙት። ብዙ መኪኖች ላይ 10 ቁጥር የብሎን ቁልፍ ይበቃል። መስታወቱን ራሱን የሚይዘውን ብሎን ግን በኃይል አታጥብቁት፤ መስታወቱ ይፈነዳል።

እጃችሁን ተጠንቀቁ። ማንሻው እንደ መቀስ የሚታጠፍ ዓይነት ከሆነ ጣት ይቆርጣል። ባትሪው ተያይዞ እጅ ውስጥ አይገባም።

ሁሉም ጠብቋል፤ ግን መስታወቱ ጣሪያውን በደንብ አይነካም። እንዴት ይስተካከላል?

ትዕግሥት የሚፈልገው ይሄ ነው። መጀመሪያ መኪናው ደልዳላ መሬት ላይ፣ በአራቱም ጎማው ይቁም። በክሪክ አንስታችሁ መስታወት አታስተካክሉ። ኮንቨርቲብል በክሪክ ሲነሳ አካሉ ስለሚለመጥ፣ እዚያ ላይ ልክ የሆነው መሬት ላይ ሲወርድ ልክ አይሆንም። ጣሪያው ተዘግቶ ተቆልፎ ይሁን። የጎማውን ንፋስም መለካት ጥሩ ነው፤ ከልክ በላይ የተነፋ ጎማ የድንጋዩን ምት ሁሉ ወደ በሩ ያደርሳል።

መስታወቱ በሦስት መንገድ ይንቀሳቀሳል፦ ከፍታው፣ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ያለው፣ እና ወደ ውስጥ ያለው ዘንበል ማለቱ። ከፍታውን የሚወስነው የላይኛው ማቆሚያ ነው። ዘንበል ማለቱን አብዛኛውን ጊዜ የሚወስኑት የሐዲዶቹ የታችኛ ጫፍ ብሎኖች ናቸው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። የሐዲዱ የታችኛው ጫፍ ወደ ውጭ ሲሄድ፣ የመስታወቱ አናት ወደ ውስጥ ይመጣል። መሃሉ ላይ እንደተያዘ እንጨት ማለት ነው፤ ታቹን ስትገፉ ላዩ በተቃራኒው ይሄዳል።

ማንኛውንም ብሎን ከማላላታችሁ በፊት በዙሪያው በማርከር አስምሩ። ወደነበረበት መመለሻችሁ ያ መስመር ነው። የምትነኩት ብሎን መስታወቱን ራሱን የያዘ ከሆነ፣ መስታወቱን በጠንካራ ፕላስተር ከበሩ ጋር እሰሩት፤ ድንገት ሊወርድ ይችላል። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ፣ በትንሽ በትንሹ፣ ግማሽ ዙር ወይም 1 ሚሊ ሜትር ያህል ቀይሩ። በሩን በእጃችሁ ይዛችሁ በዝግታ ዝጉት፤ መስታወቱ ብረት ሳይነካ ላስቲኩ ላይ ማረፉን በዓይናችሁ እዩ። ከዚያ ንዱት። ሁለት ነገር በአንዴ ከቀየራችሁ የትኛው እንደሠራ አታውቁም።

ልክ መሆኑን የሚያሳይ ፈተና አለ?

ወረቀት። ተራ ወረቀት በቁመቱ በሦስት ጣት ስፋት ቁረጡ። መስታወቱና የጣሪያው ላስቲክ መካከል አስገቡና በሩን ዝጉ። ሳብ አድርጉት። ትንሽ እየያዘ ከወጣ ልክ ነው። ያለ ምንም ከወጣ ላልቷል። ከተቀደደ በጣም ተጠግቷል። ከፊት ምሰሶው ጀምራችሁ በየ10 ሳንቲ ሜትሩ ሞክሩ፤ የላላው ቦታ ጥግ ላይ መሆኑን ብዙ ጊዜ ታገኛላችሁ።

“እንግዲያው አጥብቄ ላስጠጋው” እንዳትሉ። ከልክ በላይ የተጠጋ መስታወት ላስቲኩን ይበላል፣ ሞተሩን ያደክማል፣ በሩም አልዘጋ ይላል። ከወረቀቱ በኋላ በቀስታ የሚፈስ ውኃ ከታች ወደ ላይ እያደረጋችሁ አፍሱበት፤ ሌላ ሰው ውስጥ ሆኖ ይይ።

ባትሪ ነቅዬ ከመለስኩ በኋላ በር ስከፍት መስታወቱ ዝቅ ማለቱን ተወ።

ብዙ ኮንቨርቲብሎች ላይ የበሩ እጀታ ሲሳብ መስታወቱ 1 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ይወርዳል፤ በሩ ሲዘጋ መልሶ ወጥቶ ላስቲኩ ውስጥ ይገባል። ባትሪ ሲነቀል የመስታወቱ ሞተር ላይና ታች የሚቆምባቸውን ቦታዎች ይረሳል። ብዙውን ጊዜ መስታወቱን ጨርሶ አውጥቶ ማብሪያውን ጥቂት ሰከንድ ይዞ መቆየት ያስታውሰዋል፤ የእናንተን መኪና ትክክለኛ ቅደም ተከተል መመሪያው ላይ ታገኙታላችሁ። ሳታስተካክሉ በሩን በኃይል አትዝጉ፤ የመስታወቱ ጠርዝ ጣሪያውን ይመታል።

የኋላዋ ትንሽ መስታወትስ?

ካለቻችሁ እሷንም ጠርጥሩ። ድምፅ በመኪና ውስጥ ያታልላል፤ ከኋላ የሚመጣው ከፊት የመጣ ይመስላል። በሁለቱ መስታወቶች መካከል የቆመው ላስቲክ ከደረቀ ሁለቱ እርስ በርስ ይማታሉ። ስታስተካክሉ የትኛው እንደሚቀድም የመኪናችሁ መመሪያ ላይ እዩ።

ስፖንጅ ወይም የታጠፈ ካርቶን ብሸጉጥበትስ?

ለአንድ ረጅም ጉዞ ማለፊያ ይሆናል፤ እኔም አድርጌዋለሁ። ግን አይቆይ። ስፖንጅ ውኃ ይይዝና በሩን ያዝጋል፤ ካርቶን ጸጉሩን ይጨፈልቀዋል። ዘላቂ ማለስለሻ ከፈለጋችሁ በራሱ የሚለጠፍ ቀጭን የሱፍ ጨርቅ፣ መስታወቱ ከጠንካራ ነገር ጋር በሚማታበት ነጥብ ላይ ብቻ ለጥፉ።

አዲስ የጣሪያ ሸራ ካስገጠምኩ በኋላ ጀመረ። መስታወቱን አልነካንም እኮ!

መስታወቱ ባይነካም የሚደገፈው ነገር ተለውጧል። አዲስ ሸራ ተወጥሮ ስለሚመጣ ላስቲኮቹ የሚያርፉበት ቦታ ትንሽ ይቀየራል። መጀመሪያ ሸራው ለጥቂት ሳምንት ተዘግቶ ይቆይ፣ ይላመድ። ከዚያ የወረቀቱን ፈተና አድርጉ። ካላለፈ ሸራውን የገጠመው ሰው መስታወቱን ማስተካከል የሥራው አካል ስለሆነ መልሳችሁ ውሰዱለት።

ወደ ጋራዥ መውሰድ ያለብኝ መቼ ነው?

በሩን ግማሽ ከፍታችሁ ከጫፉ ወደ ላይ አንሱት። ከማጠፊያው በኩል ከተንቀሳቀሰ ማጠፊያው ተበልቷል። በሩ ራሱ ወርዶ ሳለ መስታወት ማስተካከል ድካም ብቻ ነው። መስታወቱ ከታች በማጣበቂያ ተይዞ ማጣበቂያው ከለቀቀም ለባለሙያ ስጡ። ጠርዙ ላይ ትንሽ ስንጥቅ ወይም ሽርፍራፊ ካያችሁ ደግሞ ምንም አትንኩ። አብዛኛው የበር መስታወት በሙቀት የጠነከረ ነው፤ ፊቱ ብዙ ይችላል፣ ጠርዙ ግን ደካማ ነው። ከተነካ በአንዴ ደቅቆ እንደ ጨው ይበተናል።

እንዳይመለስ ምን ላድርግ?

መስታወቱን እንደ እጀታ አትያዙት። ኮንቨርቲብል ያለው ሰው ሁሉ ይህን ያደርጋል፤ ከመኪናው ወርዶ በሩን በመስታወቱ ጫፍ ይዞ ይዘጋዋል። ክብደቱ በሙሉ የሚያርፈው በእነዚያ ትንንሽ የፕላስቲክ መንሸራተቻዎች ላይ ነው። ቀን በቀን፣ በየወረዳችሁበት። አብሯችሁ ለሚሄድ ሰውም ንገሩ፤ በሩን ከብረቱ ይዞ ይግፋው። መስታወቱ ግማሽ ወርዶ ሳለም በር አይላተም፤ ወይ ጨርሶ ይውረድ፣ ወይ ጨርሶ ይውጣ። ላስቲኩን በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ብርድ ከመግባቱ በፊትና ፀሐይ ከመበርታቷ በፊት፣ አጥባችሁ ሲሊኮን ቀቡት።